ሮማ ላይ ያገኘሁት የዋንዛ በር ተአምረ ማርያም

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለመሪጌታ ገብረ ኪዳን፤ አምበር፣ ዋንዛ በር ማርያም።

አባቴ ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ዝናብ ሲያንዣብብ የሚነሳብዎ የጉልበት ቁርጥማት ዘንድሮስ ራራልዎ ወይስ እንደ ልማዱ ከመቋሚያዎ ጋር አጣብቆ አከረመዎ? እናቴ ያለምወርቅስ እንዴት ናት? ዓይኗ ተሻላት ወይስ አሁንም መርፌዋ ላይ ክር የምታስገባላት እኅቴ የብርጓል ናት? ወንድሜ ደምለውስ? ጥጆቹስ? ያቺ ሰው የምትመርጥ በቅሏችንስ አለች? እኔ ልጅዎ እንዳላማው የእናንተ ናፍቆት ሆዴን ከሚበላኝ በቀር በእመቤታችን ጥበቃ አካሌ ደኅና ነው። ከስቷል ብላችሁ እንዳትሰጉ፤ እንዲያውም የሰፉልን ሱሪ ወገቡ ጠቦኛል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ልጅ አብዱልቃኒ ይባላል፤ ደብረ ማርቆስ ገበያ አቡጀዲ የሚሸጡት የሙሐመድሳኒ ልጅ ነው። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ያድራል። ደረቱን ስላመመው ሐኪሞቹ የአገርህ አየር ይሻልሃል ብለው ከሁላችንም ቀድመው እየመለሱት ነው። በፖስታ ያልላክሁት የፖስታ ደብዳቤ እየተከፈተ ስለሚነበብ ነው። ይህን ደግሞ ከእርስዎ በፊት ማንም እንዲያየው አልፈልግም። ነገሩ ስለ ክርስትና አባቴ ስለ ቄሰ ገበዝ አለበልና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ስላስነጠቃቸው ስለ ጠፋው ተአምረ ማርያም ነው። እባክዎ መጀመሪያ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት። በቀጥታ ወደ ነገሩ ለመግባት ድፍረቱ የለኝምና፣ ያየሁትን ከማለዳው ጀምሬ ልንገርዎ።

እንደሚያውቁት ደብረ ማርቆስ ጣሊያኖቹ በከፈቱት ትምህርት ቤት ቁስል ማሰርና መድኃኒት መስጠት ስማር ነበር። በመጋቢት ወር አገራችንን ታያላችሁ ብለው ከየጠቅላይ ግዛቱ የመረጡንን ሃያ አራት ተማሪዎች ከምጽዋ በመርከብ አሳፈሩን። ስለ ባሕሩ ልጽፍልዎ ሞክሬ ሦስት ጊዜ ቀደድሁት። ዓባይን በነሐሴ ሞልቶ አይቼ ከዚህ የሚበልጥ ውኃ በምድር የለም ብዬ ከደምለው ጋር የተከራከርሁትን ያስታውሱ ይሆናል፤ ተረትቻለሁ በሉልኝ። ስድስት ቀን ሙሉ ወዲህ ብዞር ውኃ፣ ወዲያ ብዞር ውኃ ነው። ያመጡን አይተን እንድንፈራና ስንመለስም ሌላውን እንድናስፈራ መሆኑ አይጠፋኝም። ቢሆንም አባቴ፣ እርስዎን አልዋሽም፤ አየሁ፣ ተደነቅሁም። ከልጅነቴ ጀምሮ ማየት የማይጠግብ ዓይን እንዳለኝ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ለዚሁ ዓይኔ የከፈልሁትን ግን እስከ ዛሬ አያውቁም።

ከትናንት ወዲያ ልደታ ነበረች። እናንተ ከዋንዛው ሥር ንፍሮውን ቀቅላችሁ፣ ልጆቹ ሲሻሙ እየሣቃችሁ እንደ ዋላችሁ በዓይነ ልቡናዬ ታየኝ። እኛን ደግሞ ማለዳ ቀሰቀሱንና ጫማችንን አስጠርገው ሁለት ሁለት አድርገው አሰለፉን። መሪያችን ፂማቸው የሸበተ አንድ አስተማሪ ናቸው። ሲናገሩ እጃቸው አያርፍም፤ አማርኛ ለመማር ሞክረው አንድ አምስት ቃል ይዘዋል፤ ከአምስቱ ሦስቱ "ቶሎ" ናቸው። በትልቅ አውቶሞቢል ጭነው ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱን።

አባቴ፣ ከደጃፉ ያለውን አደባባይ ብቻ ልንገርዎ። የአምበርን የቅዳሜ ገበያ ከነከብቱ፣ ከነእህሉ፣ ከነጠብ ፈላጊው ብታስገቡበት ሰው ለሰው ሳይነካካ ይውላል። ዙሪያውን በድንጋይ ዓምድ አጥረውታል፤ አንዱን ዓምድ እኔና ሦስት ጓደኞቼ እጅ ለእጅ ተያይዘን ልናቅፈው ሞከርን፤ አልደረስንም። ደረጃውን ወጥተን ከበሩ ስንደርስ ማንም ሳያዘን ሁላችንም ጎንበስ ብለን ጫማችንን አወለቅን። እጃችን ራሱ ነው ያወለቀው። መሪያችን ዞር ሲሉ ሃያ አራት ጥንድ ጫማ በእብነ በረዱ ላይ ተደርድሮ አዩ። ቶሎ፣ ቶሎ እያሉ እንድናጠልቅ ተቆጡን፤ እኛም ጫማ አድርገን ቤተ መቅደስ አንገባም ብለን ቆምን። በመጨረሻ አብዱልቃኒ እኔ እጠብቃለሁ ብሎ ከጫማው ክምር አጠገብ፣ አውድማ እንደሚጠብቅ ሰው፣ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። እኛም በባዶ እግራችን ገባን። ስንወጣ ከጫማችን ዳር አንድ ጥንድ የተበላ የሴት ጫማ ተጨምሮ አገኘን። ጥቁር ሻሽ ያሰረች አሮጊት አይታን የራሷንም አውልቃ እንደ ገባች አብዱልቃኒ ነገረን። ምን አስባ እንደ ሆነ እንጃ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር ሰው ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ፍርድ መስጠት ተሳነኝ።

ውስጡን እንዴት ብዬ ልጻፍልዎ። አንገቴን ቀና ባደርግ፣ ቀና ባደርግ፣ ጣራው አልደርስ አለኝ። የዋንዛ በርን ማርያም ከነጉልላቷ አንስታችሁ ከመሀሉ ብታቆሟት፣ በላይዋ ሌላ ዋንዛ በር፣ በዚያም ላይ ሌላ ብትደርቡ ገና ከላይ ርግብ የሚበርበት ቦታ ይተርፋል። ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ከወለሉ ተተክሎ ቆሟል። ተንበረከክሁ፤ ያለቀስሁም ይመስለኛል። መሪያችን ወደ ወለሉ እያመለከቱ ጴጥሮስ ከዚህ ሥር ነው ያረፈው፣ ጳውሎስም ከዚሁ ከተማ ቅጥር ውጭ አለ አሉን። በየመጽሐፉ ላይ ስማቸውን ከውግዘት ጋር ሳነብ ያደግሁ ልጅ፣ ሁለቱ ሐዋርያት መቃብር እንዳላቸው ከቶ አስቤው አላውቅም ነበር። ከቤታቸው እንደ ገባሁ ያህል ፈራሁ።

ከዚያ በኋላ በከተማው አዞሩን። ውኃ ከድንጋይ አንበሳ አፍ እየወጣ፣ ወደ ሰማይ እየተረጨ፣ ተመልሶ ገንዳ ውስጥ ሲወድቅ አየን። ማንም እንስራ ይዞ አይጠብቀውም፤ ለመታየት ብቻ ነው የሚፈሰው። የብርጓል ከምንጩ እስከ ቤት የምትወጣውን ዳገት አስቤ ተናደድሁ፤ ወዲያው ደግሞ ውበቱ ንዴቴን አስረሳኝ። በሐዲድ ላይ የሚሮጥ ሠረገላ አየን፤ ፈረስም ጭስም የለው፣ ከላይ በሽቦ ተይዞ ነው የሚሄደው። በዓለ ሃምሳ ነውና ጾም የለብኝም ብዬ ያቀረቡልንን ሁሉ በላሁ። አብዱልቃኒ ሥጋውን ትቶ ዳቦና ወይራ በላ፤ እኔም የእሱን ድርሻ እንዳይባክን ብዬ ረዳሁት።

ከቀትር በኋላ ከሩቅ አገር የመጣ ዕቃ ወደሚታይበት አንድ ትልቅ ቤት ገባን። ውስጡ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ዕቃው ሁሉ በመስታወት ሣጥን ሆኖ በየሣጥኑ ትንሽ መብራት በርቶለታል። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከሣጥን ሣጥን ይሄዳል፤ ልክ እንደ ተሳላሚ። ጋሻ አየሁ፣ ከበሮ አየሁ፣ የብር ጽናጽል አየሁ። የእኛ መሆናቸውን ሳውቅ ደረቴ ሞቅ አለ፤ እዚህ ምን አመጣቸው የሚለው ጥያቄ የመጣልኝ ዘግይቶ ነው። ከጥግ በኩል ያለው ሣጥን ሰው በዝቶበት ነበር፤ ተራዬን ጠብቄ ቀረብሁ።

ተአምረ ማርያም ናት። የተገለጠችው ከሥዕሉ ላይ ነው፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ። ከሰማያዊ ልብሷ ጫፍ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል የተቃጠለች ቀዳዳ አለች።

አባቴ፣ ያቺን ቀዳዳ ያውቋታል። ያቃጠልኋት እኔ ነኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ዲያቆን ሆኜ፣ ቄሰ ገበዝ አለበል ሲያነቡ ጧፍ ይዤ ቆሜ፣ ሥዕሉን በደንብ ለማየት ተጠግቼ ነው እሳቱ የነካት። እርስዎ አለንጋ አንስተው ሲመጡ በጋቢያቸው ሸፍነው ከእግራቸው መካከል የደበቁኝ እሳቸው ነበሩ። ከሥዕሉ ትይዩ ባለው ገጽ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ የእርስዎ እጅ ነው። የፊደልዎን ወገብ ማን ያጣዋል? ሲጽፉት ቀለሙን የያዝሁልዎ እኔ ነኝ። በሮማ ከተማ፣ በመስታወት ውስጥ፣ በልደታ ቀን የአባቴን እጅ አየሁ። ከዚያ በፊት ያየሁት ባሕር፣ ያየሁት ቤተ መቅደስ ሁሉ ከዓይኔ ጠፋ። ቆሜ ቀረሁ።

መሪያችን የቤተ ክርስቲያን ተማሪ መሆኔን ስለሚያውቁ ትከሻዬን ያዙና ለሁሉም አንብብ አሉኝ። ጮክ ብዬ አነበብሁ። "ዝንቱ መጽሐፍ ዘዋንዛ በር ማርያም፤ ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን።" ከጓደኞቼ ግዕዝ የሚሰሙት ሁለቱ አንገታቸውን ደፉ። መሪያችን ፈገግ ብለው ምን ማለት ነው ሲሉ ጠየቁኝ። የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው ብዬ በዚያች ከተማ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርሁም። ለመጽሐፉ ባለቤት የተጻፈ ምርቃት ነው አልሁ። እሳቸውም ደስ አላቸው።

ከሣጥኑ ሥር በእነሱ ፊደል የተጻፈ ትንሽ ወረቀት አለ። ጣሊያንኛ እማራለሁና ቃል በቃል ገልብጬ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። "ከጎጃም፤ ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለች ትንሽ ጎጆ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የተገኘ፤ የአንድ መኮንን ስጦታ" ይላል። ከዕቃ ቤት አይልም። ቁልፍ የሚባል ነገርም የለበትም። ከጎጆ ግድግዳ ላይ ነው የሚለው።

እንግዲህ ወደ ፈራሁት ደረስሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ በሰኔ፣ እሑድ ቀን ነበር። ሰሞነኛው ዲያቆን እኔ ነበርሁ። ከቅዳሴ በኋላ መጽሐፉን ከነማኅደሩ ለቄሰ ገበዝ ማስረከብ የእኔ ሥራ ነው። እሳቸው ግን ለአንዲት በጣር ላይ ላለች ሴት ሊደርሱላት ከቄሶቹ ጋር ወጥተው ነበር፤ ዕቃ ቤቱ ተቆልፏል። እስኪመለሱ መጠበቅ ነበረብኝ። ነገር ግን የጣሊያን ካሚዮን አምበር ገብቷል፣ ያለ ፈረስ ይሄዳል የሚል ወሬ ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዬን እያሳከከኝ ነበር። ሳልዘገይ አይቼው እመለሳለሁ ብዬ መጽሐፉን የቁርባኑ ኅብስት በሚጋገርባት በቤተልሔሟ ጎጆ ውስጥ፣ የመሶበ ወርቁ መስቀያ ላይ ሰቅዬ ሮጥሁ። ካሚዮኑን ግማሽ መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ወደ እኛው ደብር ነው የሚመጣው። ወታደሮቹ ከቅጥሩ ሰፈሩ፤ ዝናብ ሲመጣም ቤተልሔሟ ገብተው እሳት አነደዱ። እኔ ከአጥር ውጭ ቆሜ ፈርቼ ቀረሁ። በማግስቱ ሲሄዱ ገብቼ አየሁ፤ መስቀያው ባዶ ነው።

የቀረውን እርስዎም ያውቁታል፤ የማያውቁት አንዲት ቃል ብቻ ናት። አገሩ ሁሉ ሌባውን ሊያወጣ ለአውጫጭኝ ከዋንዛው ሥር ተሰብስቦ ሦስት ቀን ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ሲከለከል፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አልተሰበረም፣ እንግዲህ ወይ ዲያቆኑ ወይ ገበዙ ነው ተባለ። ተጠርቼ ቆምሁ። ከነማኅደሩ ለቄሰ ገበዝ አስረክቤአለሁ ብዬ ማልሁ። እርስዎም ልጄ ቃሉን አያጥፍም፣ እኔ ዋሱ ነኝ ብለው ከጎኔ ቆሙ። እሳቸው ቀና ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ ለእኔ ሰጠኸኝ?" አሉ።

"አዎ" አልሁ።

"እንግዲህ ልጁ ካለ እኔ ረስቼው ይሆናል፤ እርጅና ነው" አሉ። አልተከራከሩም። አልማሉብኝም። ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ካስረከቡ በኋላም እጃቸው አንገታቸው ላይ ይፈልገው ነበር። ከዚያ ወዲህ ወለተ ሰንበት ባለቤታቸው ለእናቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ፤ ሌሊት እየተነሱ ሣጥኑን፣ ጣራውን፣ የእህል ጎተራውን ሳይቀር ያስሱ ነበር አሉ። የት አስቀመጥሁት እያሉ። ሰዉ ሌባ ሲላቸው እሳቸው ራሳቸውን ይጠረጥሩ ነበር። በመጨረሻም ሰው ፊት መቆም አቅቷቸው ባለቤታቸውን ከቤት ትተው ሉማሜ እኅታቸው ቤት ተጠጉ። እኔም ከዓመት በኋላ ለትምህርት ብዬ ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ እርስዎ መርቀው ሸኙኝ። ለትምህርት አልነበረም አባቴ። ባዶውን መስቀያ በየቀኑ ማየት ስላልቻልሁ ነው የሸሸሁት። ሸሽቼ፣ ባሕር ተሻግሬ፣ ዞሬ ዞሬ ከመስቀያው ፊት ቆምሁ።

ያን ቀን እራት አልበላሁም። አብዱልቃኒ ምን ሆንህ ብሎ ቢጨቀጭቀኝ ነገሩን ሁሉ ነገርሁት። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ እስከ መጨረሻው ሰማኝና ሽማግሌው በሕይወት አሉ ወይ ብቻ ብሎ ጠየቀኝ። አሉ አልሁት። "እንግዲያው ጻፍ። ሉማሜ በመንገዴ ላይ ነው፤ ከፈለግህ ቆሜ ዓይናቸውን አይቼ አልፋለሁ" አለኝ። ወረቀቱንም የሰጠኝ እሱ ነው።

አሁን የምለምንዎ ይህን ነው። ሰኔ ሃያ አንድ ለእመቤታችን በዓል፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ያንኑ ሰው ከያው ዋንዛ ሥር ሰብስበው ይህን ደብዳቤ መጽሐፏን ካገኘሁበት ጀምረው ያንብቡላቸው። ከዚያ በፊት ደምለው በቅሏችንን ይዞ ሉማሜ ሄዶ ቄሰ ገበዝን ያምጣቸው፤ በእግራቸው እንደ ወጡ በእግራቸው አይመለሱ። የማያምን ቢኖር የቀዳዳዋን ልክ ወረቀት በመስታወቱ ላይ አስጠግቼ ነድፌያለሁ፤ እርስዎ ሲያዩት ያውቁታል። ቁልፉን ከአንገታቸው ላይ በእጅዎ መልሰው ያጥልቁላቸው። ልጄ ነው ብለው አይሸፋፍኑልኝ፤ አንድ ጊዜ ዋስ ሆነውልኛል፣ ሁለተኛ አልሻም። የሐሰት መሐላዬ የሚያስፈርድብኝን ሁሉ ካህናቱ ይፍረዱ፤ ስመለስ ከቅጥሩ በር ቆሜ እቀበላለሁ። ወሬው ጣሊያኖቹ ጆሮ ቢደርስ ለእኔ ክፉ እንደሚሆን አውቃለሁ። ቢሆንም ለእኔ ብለው ዝም አይበሉ።

መጽሐፏን ማምጣት አልቻልሁም። በአቅሜ ማድረግ የቻልሁት አንድ ነገር ነው፤ ትናንት የዕረፍት ቀናችን ስለ ነበር መሪያችንን አስፈቅጄ ብቻዬን ተመልሼ ሄድሁ። ጫማዬን አውልቄ ከሣጥኑ ፊት ቆሜ፣ በልደታ የሚነበበውን ተአምር በቃሌ የማውቀውን ያህል ደገምሁላት። ዘበኛው አይቶኝ አለፈ።

ለእናቴ ለያለምወርቅ ጉልበቷን ስሜ ሰላም ብያለሁ በሉልኝ፤ ስትሰማ ታለቅሳለችና የብርጓል አጠገቧ ትቀመጥ። ለእኅቴ ለየብርጓልና ለልጇ፣ ለወንድሜ ለደምለው፣ ለጎረቤታችን ለአስማማውና ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ለወይዘሮ ወለተ ሰንበት ከሁሉ በፊት ሄዳችሁ ንገሯት፤ ጎተራውን ማሰስ ይብቃቸው በሏት።

ለክርስትና አባቴ ለቄሰ ገበዝ አለበል ሰላምታ ለመላክ አፍ የለኝም። እግራቸውን ይሳሙልኝና ይህችን ብቻ በጆሮአቸው ጮክ ብለው ይንገሩልኝ፦ አልረሱም፤ እኔ ለእርስዎ አልሰጠሁዎትም።

ልጅዎ እንዳላማው ገብረ ኪዳን

ሮማ፣ ግንቦት ሦስት ቀን ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት